«ፀሐይ» ናት ወይስ ፋርማን? ከአንድ የቤተሰብ አልበም የወጣ ፎቶና 43 ምላሾቹ

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተችው ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት እህት ናት። ከአያቷ አልበም ያገኘችውን ፎቶ ስካን አድርጋ ለጠፈች። ሜዳ ላይ አንድ አውሮፕላን ቆሟል፤ ከፊቱ ስድስት ሰዎች ተሰልፈዋል። አራቱ ነጭ በነጭ ለብሰው ካባ ደርበዋል፣ አንደኛው የቆዳ ጃኬት አድርጓል፣ ዳር ላይ ያለው ካኪ ለብሷል። በጀርባው «ፀሐይ» እና 1928 የሚል ጽሕፈት አለበት ብላ፣ አውሮፕላኗ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተሠራችውና በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው መሆኗን እንዳለቀ ጉዳይ አስቀመጠችው። የጠየቀችው ስለ ሰዎቹ ነበር፤ ከመካከላቸው የሚታወቅ አብራሪ ይኖር እንደሆነ። ክርክሩ ሁሉ የተነሳው ግን ካልጠየቀችው ነገር ነው።

አሮጌ አውሮፕላንን ከፎቶ መለየት የሚወድ ሰው በአማርኛ ይህን ያህል የተብላላ ውይይት በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ዘግይቶ ለመጣ አንባቢ በራሴ አነጋገር እተርከዋለሁ፤ የማልስማማበት ቦታ ላይም ዝም አልልም።

ምላሽ 1 እና 3 ደስታና ምርቃት ብቻ ናቸው። ምላሽ 2 ታሪኳን አስታወሰ፦ ፀሐይ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት ኢትዮጵያውያን ተሳትፈውበት የተሠራች ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን መሆኗን፣ ጣሊያን ማርካ እንደወሰደቻት፣ በሮም አቅራቢያ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ለብዙ ዘመን ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሷን። ምላሽ 4 ወደ ሰዎቹ ሄደ። የቆዳ ጃኬት ያደረገው ጆን ሮቢንሰን ነው አለ፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ከቺካጎ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ። ማስረጃው ጃኬቱ ነበር። በዚያ ዘመን ክፍት አውሮፕላን የሚያበር ሰው ሁሉ ብርዱን የሚከላከለው በቆዳ ጃኬት ስለነበር ይህ ማስረጃ ማንንም አይለይም፤ ደግነቱ ምላሽ 4 ራሱ ወደ ኋላ ላይ ሐሳቡን አለዝቧል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው በምላሽ 5 ነው፤ በጣም በትሕትና። ጸሐፊው እህታችንን ይቅርታ ጠይቆ፣ በፎቶው ላይ የሚታየው ክንፍ ከጣራው በላይ የተቀመጠ መሆኑን፣ ከክንፉ ሥርም መስኮት ያለው የተዘጋ የተሳፋሪ ክፍል እንዳለ ጠቆመ። ለሁለት ሰው ብቻ ተብላ የተሠራች አውሮፕላን ይህን ሁሉ ክፍል ምን ታደርገዋለች ብሎ ጠየቀ። ከዚያ አንድ ምክር ጨመረ፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ክንፉን፣ ቀጥሎ ሞተሩን፣ ከዚያ እግሩንና ጅራቱን መመልከት፤ አውሮፕላኑ ላይ የተጻፈውን ፊደል በመጨረሻ፣ ፎቶው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ደግሞ ከሁሉም በኋላ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ጀርባውን ያነባል፣ ከዚያ ፎቶው ውስጥ ያነበበውን ይፈልጋል።

ምላሽ 6 ነገሩን አከረረው። የራሳችን የሆነ አንድ ነገር በተገኘ ቁጥር ፈረንጅ ሠራው የሚል አይጠፋም፣ ፀሐይን ስንት ዘመን ጠብቀን አገኘናት፣ አሁን ደግሞ ፎቶዋን ልትነጥቁን ነው የሚል ነበር። ቁጣው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አውሮፕላኗ በሰው አገር አዳራሽ ቆማ የኖረችባቸው ዘመናት ቀላል አይደሉም። ሆኖም ምላሽ 5 ማንንም አልነጠቀም፤ ክንፍና መስኮት ነው ያሳየው።

ምላሽ 7 ነገሩን ያበረዱት አባት ናቸው። ቢሾፍቱ ይኖራሉ፣ በአየር ኃይል በሜካኒክነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። ምላሽ 6ን ልጄ ብለው ጠርተው፣ አውሮፕላን የሚታወቀው በሞተሩ ስለሆነ ከመጣላት በፊት ሲሊንደሩን ቁጠሩ አሉ። የፀሐይ ሞተር ዋልተር ቬነስ የሚባል የቼኮስሎቫኪያ ሥራ ነው፤ 7 ሲሊንደሮች እንደ ጋሪ ጎማ ጨረር ዙሪያውን የተደረደሩበት። ፎቶው ላይ 7 ከተቆጠረ ፀሐይ ልትሆን ትችላለች፤ ካልተቆጠረ በቃ አይደለችም።

ይህን ጊዜ እህታችን ተመለሰች። በስልክ ያነሳችውን ትታ ፎቶውን በስካነር በከፍተኛ ጥራት እንደገና ለጠፈች፤ ይህ ምላሽ 8 ነው። ከዚህ በኋላ የመጣው ምላሽ 9 የዚህን የትርፍ ጊዜ ሥራ ጣዕም የሚያሳይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገረው።

አውሮፕላኑ ከፊት ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ ነው የቆመው። የፕሮፔለሩ አንዱ ምላጭ ወደ ላይ ቆሟል፤ ታችኛውን የሞተሩን ክፍል የካባ ለባሹ ራስና ትከሻ ጋርዶታል። ጥርት ብለው የሚታዩት አራት ሲሊንደሮች ብቻ ናቸው፣ አምስተኛው ግማሹ። እንግዲህ ሁሉንም መቁጠር አይቻልም። ምላሽ 9 ግን መቁጠር አያስፈልግም አለ። ሲሊንደሮቹ ክቡን እኩል ስለሚካፈሉት፣ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ማዕዘን ቁጥራቸውን ይናገራል፦ 5 ከሆኑ 72 ዲግሪ፣ 7 ከሆኑ 51 ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ 9 ከሆኑ 40። ከፕሮፔለሩ መሐል ተነስቶ በእያንዳንዱ ሲሊንደር አናት ላይ መስመር አሰመረና ለካ። ያገኘው ከ36 እስከ 43 ዲግሪ የሚዋዥቅ ቁጥር ነበር። ወደ 9 ያመዝናል።

ምላሽ 10 ልክ የሆነ ተቃውሞ አነሳ። ሞተሩ ወደ ጎን ዞሮ ሲታይ ክቡ ሞላላ ይሆናል፣ ማዕዘኖቹም ይዛባሉ፤ አንዳንዱ ይጠባል፣ አንዳንዱ ይሰፋል፤ ስለዚህ መለኪያው ዋጋ የለውም አለ። ምላሽ 11 የመለሰለት ሒሳብ በሚያውቅ ሰው ትዕግሥት ነው። ሞላላው ምን ያህል እንደተጨመቀ ከጎማው መለየት ይቻላል፤ ጎማ ክብ መሆኑ አያከራክርምና፣ ሞተሩ ወደ ፊት፣ ጎማው ወደ ጎን ስለሚያይ ደግሞ ሁለቱ እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ነው የቆሙት፤ የአንዱ መጨመቅ የሌላውን ያሳውቃል። ካሜራው ከሁለቱም እኩል ርቆ ስለማይቆም ፍጹም ባይሆንም ይበቃል። የጎማውን ስፋትና ቁመት ለክቶ አውሮፕላኑ ምን ያህል እንደዞረ አወቀ፤ ከዚያ የሞተሩን መጨመቅ አስልቶ፣ ሥዕሉን በዚያ መጠን ወደ ጎን ለጥጦ ማዕዘኖቹን ዳግም ለካ። በዚህ ጊዜ ሁሉም 40 አካባቢ ተሰበሰቡ። 51 የሚባል ቁጥር ከየትም አልመጣም። ሲሊንደሮቹ 9 ናቸው፤ ፀሐይ አይደለችም።

ታዲያ ምንድን ነው? ምላሽ 12 ፋርማን 192 አለ፣ እኔም የምስማማው ከእሱ ጋር ነው። የፈረንሳዩ ፋርማን ፋብሪካ ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያበረረው ይህ ቤተሰብ ክንፉ ከላይ ነው፣ አብራሪውንና አራት ተሳፋሪዎችን በተዘጋ ክፍል ይይዛል፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ14 ሜትር ይበልጣል። የቤተሰቡን አባላት የሚለያያቸው ከምንም በላይ ሞተራቸው ነው። 190 የሚባለው 5 ሲሊንደር ያለው የኖም ኤ ሮን ሞተር አለው፤ 192 ደግሞ 9 ሲሊንደር ያለው ሳልምሶን። ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ በፊት 192 ነበራት። ምላሽ 12 የሰዎቹን ቁመት መለኪያ አድርጎ የክንፉን ርዝመት ሲገምት 14 ሜትር አካባቢ እንደደረሰም ጽፏል፤ ይህ ግን ሰዎቹ ከክንፉ ፊት ምን ያህል ርቀው እንደቆሙ ስለማይታወቅ ደካማው ማስረጃ ነው፤ እሱም አልደበቀውም።

ምላሽ 13 ሌሎች አማራጮችን አንስቶ ጣለ። ፊያት ኤ ኤስ 1 ክንፉ ከላይ ቢሆንም ለሁለት ሰው የሆነች ትንሽ አውሮፕላን ናት፣ ሞተሯም 7 ሲሊንደር ነው። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጦርነቱ ጊዜ ለቀይ መስቀል ያበረረው ፎከር ከዚህ በጣም ይገዝፋል፤ በዚያ ላይ ፎቶው ላይ የቀይ መስቀል ምልክት የለም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ፖቴዝ 25 ባለ ድርብ ክንፍ ነው፤ የታችኛው ክንፉ ከላይኛው በእጅጉ ያጥራል፣ በፍጹም አይምታታም። ከሁለት ሳምንት ከምናምን በኋላ የተከተለው ዩንከርስ ደብልዩ 33 ክንፉ ከታች ነው፣ አካሉም እንደ ቤት ቆርቆሮ የተሸበሸበ ብረት ነው። በነገራችን ላይ ይህ ሽብሽብ ቆዳ ለጀማሪ የመጀመሪያው ወዳጅ ነው፤ ፎቶው የቱንም ያህል ቢደበዝዝ ጥላው መስመር መስመር እየሆነ ይታያል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም።

ምላሽ 14 ፎቶው ከኔጋቲቩ ሲታተም ተገልብጧል አለ። ምክንያቱ፣ ከካባ ለባሾቹ አንዱ ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ታጥቋል፤ ሰው ደግሞ በቀኝ እጁ የሚመዘውን ሰይፍ በግራው ነው የሚታጠቀው። ስለዚህ ግራው ቀኝ ሆኗል፣ የተለካው ሁሉ እንደገና ይታይ። ሁለት ስሕተት አለው። አንደኛ፣ ፎቶ ቢገለበጥም የሲሊንደር ቁጥር አይለወጥም። ሁለተኛውን ምላሽ 15 አስተካከለው፤ ጸሐፊዋ ጎንደር የምትኖር የታሪክ መምህርት ናት። የኛ አባቶች ጎራዴን በቀኝ ጎን ነው የሚታጠቁት፤ በጥንት የውጭ አገር ተጓዦች ዘንድ ሳይቀር እንደ እንግዳ ነገር የተመዘገበ ልማድ ነው። ፎቶው ቢገለበጥ ኖሮ ጎራዴው በግራ ይታይ ነበር። ከዚያ በላይ የካኪ ለባሹን ኮት ቁልፍ ተመልከቱ አለች፤ የወንድ ኮት የግራው ጎን በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው፣ ፎቶው ላይም እንደዚያው ነው። ይህን ምላሽ ለራሴ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ። የውጭ አገር የአውሮፕላን ወዳጆች ቢያዩት ኖሮ ብዙዎቹ እንደ ምላሽ 14 ፎቶውን ይገለብጡት ነበር።

ምላሽ 16 ለመምህርቷ የቀረበ ምስጋና ነው። ምላሽ 17 ግን ቤቱን አተራመሰው። አንድ አባል ፎቶውን በኮምፒውተር ቀለም አስቀብቶ ለጠፈ። የጅራቱ መሪ ላይ ያሉት ሦስት ሰንበሮች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆነው ወጥተዋል። አያችሁ፣ የኢትዮጵያ ነው አለ። ምላሽ 18 አጨበጨበ፣ ምላሽ 19 ጮኸ፣ 20 እና 21 እርስ በርስ ተሰዳደቡ፤ አስተባባሪው ሁለቱንም ስለሰረዛቸው ምን እንደተባባሉ አሁን አይታይም። ምላሽ 22 መሃል ገብቶ ያው ሰንበር የጣሊያን ይሆናል፣ ማሽኑን ሌላ ቀን ብትጠይቁት አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ ይቀባላችኋል አለ። አነጋገሩ የሚያሳምም ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ግን እውነት ነው። ማሽኑ ቀለም አያይም፣ ይገምታል። የአንድን ቤተሰብ ፎቶ በግምት ቀብቶ እንደ ማስረጃ ማቅረብ ከጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ያ የተቀባ ቅጂ ከክሩ ወጥቶ በየፌስቡኩ ሲዞር ዋናውን ማንም አይፈልገውም።

ምላሽ 23 ከክሩ ምርጥ ምላሾች አንዱ ነው። ጸሐፊው ዕድሜውን በጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ይሠራበት የነበረው ፊልም ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ነው፤ ቀይ ብርሃን አይሰማውም። ስለዚህ ቀይ ቀለም በፎቶው ላይ ጥቁር ሊባል እስኪቀርብ ይጨልማል፣ ቢጫም ከሚገባው በላይ ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ደግሞ ወደ ነጭ ይሸሻል። በዚህ ምክንያት የአንዱ አገር ምልክት የሌላውን መስሎ ስንቱን ሲያሳስት ኖሯል። እንግዲህ፣ አለ፣ የጅራቱን መካከለኛ ሰንበር ከአጠገቡ ከቆመው ሰው ነጭ ሱሪ ጋር አነጻጽሩ። ሁለቱም ላይ የሚወርደው ፀሐይ አንድ ነው። ሰንበሩ የጣሊያን ነጭ ቢሆን ከሱሪው እኩል ይነጣ ነበር። የሚታየው ግን አመድማ ነው፤ ከሱሪው በግልጽ ይጨልማል። ጠርዙ ላይ ያለው አንዱ ሰንበር ጥቁር ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል፣ ሌላኛው መካከለኛ ግራጫ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በዚህ ፊልም ላይ ልክ እንዲህ ነው የሚሆኑት። ይህ ያረጋግጣል አላለም፤ አይቃረንም ነው ያለው። ቀለም የተቀባውን ፎቶ የለጠፈው ሰውም አመሰገነው፣ ሥዕሉንም ራሱ አነሳው።

ከ24 እስከ 30 ያለው መንገድ ስቷል፤ ግን የሚነበብ መሳት ነው። የቢሾፍቱው አባት ተጠየቁና ስለ ሳብ 17 ጻፉ። አየር ኃይሉ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ሲቋቋም ከስዊድን የመጣው ይህ ቦምብ ጣይ በፎቶ የሚለየው በእግሩ ነው፦ እግሩ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚገባበት ትልቅ ሽፋን ከክንፉ ሥር ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ያው ሽፋን አውሮፕላኑ ቁልቁል ሲወረወር ፍጥነት መግቻ ሆኖም ያገለግላል። ስቶክሆልም የሚኖር አንድ ወንድም ፎን ሮዘን በ1947 እ.ኤ.አ. በሳብ ሳፊር በተባለች ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ መሃል ላይ ሳያርፍ መብረሩን አነሳ። ሌላው ፌሪ ፋየርፍላይ ወደሚባለው የእንግሊዝ ሥራ ተዋጊ አውሮፕላን ወሰደን። ኢትዮጵያ ከካናዳ የገዛቻቸው የመጀመሪያው ዓይነት ስለነበሩ የሞተራቸው ማቀዝቀዣ ከአፍንጫው ሥር እንደ አገጭ ወጥቶ ይታያል፤ በኋላ በተሠሩት ላይ ወደ ክንፉ የፊት ጠርዝ ሄዷል። ከኢትዮጵያ ፋየርፍላዮች ሁለቱ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ካናዳ ተመልሰው ለሙዚየም በቅተዋል። አስተባባሪው በምላሽ 31 ለሳብና ለፋየርፍላይ የራሳቸው ክር ይከፈት ብሎ ሁላችንንም ወደ ፎቶው መለሰን።

አሁን የቀረው ጀርባው ነበር። አውሮፕላኑ ፋርማን ከሆነ «ፀሐይ» የሚለው ጽሕፈት ከየት መጣ? ምላሽ 6 ተመልሶ በምላሽ 32 ይህንኑ ጠየቀ፤ በዚህ ጊዜ በቁጣ ሳይሆን በቁም ነገር። አያትየው በቦታው የነበሩ ሰው ናቸው፣ እኛ ከዘጠና ዓመት በኋላ ማዕዘን እየለካን እሳቸውን እንዴት እንረታለን ነው ጥያቄው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ምላሽ 33 አያትየው መጻፋቸውን በምን አወቅን ብሎ የጀርባውን ስካን ጠየቀ። እህታችን በምላሽ 34 ለጠፈችው። 1928 የሚለው በግዕዝ ቁጥር በእርሳስ ተጽፏል፣ ደብዝዟል። «ፀሐይ» የሚለው ግን በሰማያዊ ቀለም ነው፣ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ።

ምላሽ 35 ስልኳን ይዛ የባትሪውን መብራት ከወረቀቱ ጎን ዝቅ አድርጋ እንድታበራና እንደዚያ ሆኖ እንድታነሳው ነገራት። ምላሽ 36 ላይ የመጣው ፎቶ ሁሉንም ነገር ግልጽ አደረገው። የሰማያዊው ፊደል ወረቀቱን ተጭኖ ሰርጉዶታል፤ ቀለሙም ወደ ወረቀቱ ክር አልተሰራጨም፣ በፊደሎቹ መነሻ ላይ ይቆራረጣል። የቀለም ብዕር እንዲህ አይጽፍም። ይህ ቢክ እያልን የምንጠራው ዓይነት እስክሪብቶ ነው፤ እሱ ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ እንኳ ለገበያ የቀረበው በ1945 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ቃሉ ፎቶው ከተነሳ ቢያንስ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የታከለ ነው። ምላሽ 37 አዲስ አበባ ያሉትን ዘመዶች እንድትጠይቅ መከራት።

በምላሽ 38 መልሱን ይዛ መጣች። አክስቷ ነግረዋታል፤ አልበሙን ተቀምጠው ያደራጁትና በየፎቶው ጀርባ ስም የጻፉት የአክስቲቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አያትየው ካረፉ በኋላ። ስለ ፀሐይ በሰፊው ሰምተው ስለነበር አውሮፕላን ያለበትን ፎቶ ሲያገኙ ስሟን ጻፉበት። እህታችን ማዘኗን አልሸሸገችም። ግን አንድ ነገር ጨመረች፤ ፋርማን መሆኑ ከታወቀ አያቷ በዚያ ሜዳ ላይ ምን ይሠሩ እንደነበር አዲስ ጥያቄ ተከፍቶላታል።

ምላሽ 39 በእርሳስ ስለተጻፈው ዓመት ነው። በአማርኛ እጅና በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ስለሆነ 1928 ዓ.ም. መሆኑ አያጠራጥርም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1928 ቢሆን አዲስ አበባ ገና አንድም አውሮፕላን አላየችም ነበር። ዓመቱ ግን ሁለት ፊት አለው፤ እስከ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች፣ ከዚያ ወዲህ በጣሊያን እጅ ናት። ሰዎቹ ጎራዴያቸውን ታጥቀው በነፃነት መቆማቸውንና የጅራቱን አመድማ ሰንበር አንድ ላይ ሲያያቸው ከሚያዝያ በፊት ወደሚለው ያዘነብላል፤ እኔም እንደዚያው።

የቆዳ ጃኬቱ ሰው ማን ነው የሚለው አልተፈታም። ምላሽ 40 ሚሽካ ባቢቼፍ አለ፣ ምላሽ 41 አስፋው አሊ፤ ሁለቱም ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል ናቸው፣ ግን ማናቸውም ከፊታቸው መልክ ጋር የሚነጻጸር ፎቶ አላቀረቡም። ምላሽ 42 የቢሾፍቱው አባት ናቸው፤ ጃኬቱን ተዉት፣ የካኪ ለባሹን እጅ አጉሉት ብለዋል። ጣቶቹ እስከ አንጓቸው የጠቆሩ ናቸው፣ በቀኙ የያዘውም የሞተር መፍቻ ነው። ሜካኒክ ነው። ምላሽ 43 እህታችን ናት፦ ካኪ የለበሱት አያቷ ናቸው። ሌሎች ሁለት ፎቶዎች ከዚያው አልበም እንዳሏትና በዚህ ሳምንት ስካን አድርጋ እንደምትለጥፋቸው ጽፋለች። በአንደኛው ላይ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን አለ። ጀርባውን ሳታነብልን ፊቱን ብቻ እንድትለጥፍ ከወዲሁ ጠይቀናታል።